ሠላሳ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በድሬዳዋ ማሠራት፦ ዕቃ ከማሰባሰብ እስከ ብየዳ

«አቦ፣ አንዱ ሠርቶልኛል። አሁን ሠላሳ ላሠራ ነው፤ የት ልሂድ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ አንዳንዴ ሳቢያን ሰፈር ሞባይል የሚጠግን፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሐረር የሚደውል ኤሌክትሪሺያን። መልሱ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገለው።

መመሪያው ከ10 እስከ 50 ፍሬ ለምታሠሩ ነው። ለአንድ ለሁለት ፍሬ ቬሮ ቦርድ (ቀዳዳው ተበስቶ የሚሸጥ የመሞከሪያ ቦርድ) ይበቃችኋል። እንደ ምሳሌ የምጠቀመው የሮቶ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። ከጠያቂዎቼ ብዙዎቹ የሚሠሩትም እሱን ነው። የእናንተ ሌላ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ቦርድ አትሣሉ። ባዶ ቦርድ ርካሽ ነው። ገንዘብ የሚበላው በንድፉ ላይ ያለው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ገበያ ላይ ጠፍቶ፣ የተገኘው ሪሌ ደግሞ እግሩ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ሲል ነው። ያኔ ሠላሳ ቦርድ ቁጭ ይላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተርና ኪካድ የተባለው ነፃ የቦርድ መሣያ ሶፍትዌር
- መልቲሜትር፤ ከተቻለ የካፓሲተር መለኪያ ያለው
- ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ ካውያ፣ ቀጭን (ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር) የብየዳ እርሳስና ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)
- ሹል ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽር፣ የጎን መቁረጫ
- የእርሳስ መምጠጫ ወይም የመዳብ ጥልፍ
- አይሶፕሮፒል አልኮልና የጥርስ ብሩሽ
- ቮልቴጁና አምፔሩ የሚገደብ ፓወር ሳፕላይ (ከሌለ የዩኤስቢ ቻርጀር፣ በመስመሩ ላይ ፊዩዝ አስገብታችሁ)
- የቆየው ዓይነት ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል ከነማቀፊያው
- ትንንሽ ዕቃዎችን ራሳችሁ የምትበይዱ ከሆነ ሆት ኤር (ትኩስ አየር የሚነፋ መበየጃ)፣ የብየዳ ፓስታና ስቴንስል (ፓስታው የሚቀባበት ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት)

ደረጃ 1፦ የዕቃ ዝርዝሩን ጻፉ

ወረቀት ላይ ሳይሆን ኤክሴል ላይ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ስሙን፣ ዋጋውን በኦምም ይሁን በማይክሮፋራድ፣ የአካሉን ዓይነትና መጠን፣ በአንድ ቦርድ ስንት እንደሚገባና ለሠላሳው ስንት እንደሚሆን አስፍሩ። ከዚያ ሁለት ዓምድ ጨምሩ፦ «ከየት» እና «ምትክ»።

አብዛኛው ሰው የምትክን ዓምድ ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። ለምሳሌ 1ኤን4007 ዳዮድ በየሱቁ ስላለ ምትክ ባትጽፉም ችግር የለውም። ማይክሮ ኮንትሮለሩ (ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ) ቢጠፋስ? በዚያው እግር አቀማመጥ የሚገባ ሌላ ከሌለ አደጋው እዚያ ጋ ነው። እንደዚህ ዓይነቱን ዕቃ በቀይ ቀልሙት።

የዕቃውን ዓይነት ቀንሱ። አንዱ ቦታ 4.7 ኪሎ ኦም፣ ሌላው ቦታ 5.1፣ ሦስተኛው ቦታ 10 ካላችሁ፣ ሦስቱም 10 ሆነው ሰርኪዩቱ ይሠራ እንደሆነ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንድ ዓይነት ሲቀንስ አንድ ግዢ፣ አንድ ቆጠራና አንድ የመሳሳቻ ዕድል አብረው ይቀንሳሉ።

ደረጃ 2፦ ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት

ከዚሁ የሚገኝ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ ከቻይና የሚመጣ።

ድሬ ላይ ታይዋን ገበያንና ከዚራ ሰፈር ያሉትን የጥገና ሱቆች አዳርሱ። ፊዩዝ፣ ሽቦ፣ ሞርሴቶ (ሽቦ በብሎን የሚታሰርበት ማገናኛ)፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስካቶላ (ቦርዱ የሚገባበት ሳጥን)፣ ቻርጀር፣ ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ከዚህ ይገኛል። ጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱም በርጫውም ገበያውን ያቀዘቅዘዋል። ናሙና ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ስም ብቻ አትጥሩ። ባለሱቁ ዕቃውን በመልኩ ነው የሚያውቀው።

ከሐረር የምትጠይቁኝ፣ ይኸው መንገድ ለእናንተም ይሠራል። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝርዝሩን አጠናቅቃችሁ አንዴ ውረዱ።

ከአሮጌ ዕቃ መንቀልስ? ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ፣ ከዩፒኤስና ከስታብላይዘር ጥሩ ነገር ይወጣል፦ ሙቀት ማውጫ ብረት፣ ኮይል፣ ማገናኛ፣ ትራንስፎርመር። ለመጀመሪያው ናሙና ተጠቀሙበት። ለሠላሳው ግን አልመክርም፣ ሠላሳ አንድ ዓይነት አታገኙም። በተለይ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተርና ሪሌ ከአሮጌ ነቅላችሁ ለደንበኛ አትሽጡ። ካፓሲተሩ ውስጡ ደርቋል፣ የሪሌው መነካኪያ ተቃጥሏል፤ ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንደ አርዱዊኖ ናኖ (ዝግጁ የማይክሮ ኮንትሮለር ቦርድ)፣ ሞጁሎችና ሬጉሌተሮች ያለው ነው። ፎቶ አስልካችሁ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብባችሁ ግዙ። የቀረው ሁሉ፣ በተለይ ትንንሹ ላይ ላዩን የሚበየደው፣ ከቻይና ቢመጣ ይረክሳል። እሱን ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን ለድሬ ሙቀት ምረጡ

በግንቦትና በሰኔ እዚህ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጡ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ስትገዙ ጎኑ ላይ 105 ዲግሪ የሚል ፈልጉ፣ 85 የሚለውን ተዉ። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። 2000 ሰዓት የተጻፈለት የ85 ዲግሪ ካፓሲተር 65 ዲግሪ ውስጥ ቢሠራ 8000 ሰዓት ይቆያል፤ ቀንና ሌሊት ከሠራ ዓመት አይሞላም። ያው 2000 ሰዓት የተጻፈለት የ105ቱ በዚያው ቦታ 32,000 ሰዓት፣ ማለትም ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ። የዋጋ ልዩነታቸው ደግሞ ሳንቲም ነው።

ሬጉሌተርም እንዲሁ። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ተራ ሬጉሌተር 200 ሚሊአምፔር ቢጠየቅ ሰባቱን ቮልት በሙቀት ያባክናል፤ 1.4 ዋት ነው። ያለ ሙቀት ማውጫ በድሬ ሳጥን ውስጥ ይህ ብዙ ነው። ከ220 በቀጥታ 5 ቮልት የሚሰጥ የተዘጋ ሞጁል አስገቡበት፤ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ ለእናንተም አደጋው ይቀላል።

ስለ ሪሌ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንሿ ሰማያዊ ሪሌ ላይ «10 አምፔር» ይላል። ይህ ለምጣድ ዓይነት ጭነት ነው። የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 5 አምፔር ገደማ ቢስብም ሲነሳ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ መነካኪያው ይጣበቅና ፓምፑ አልጠፋ ይላል። ሪሌዋ ኮንታክተር ታስነሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ቦርዱ ላይ ከባድ አምፔር ስለማይሄድም ንድፉ ይቀላል።

ሌላው፣ ውኃውን በተራቆተ ሽቦ ከመለካት ተንሳፋፊ ማብሪያ ተጠቀሙ። የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛዋል፤ ሽቦው ይለበድና ልኬቱ ይዛባል።

የገዛችሁትን ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሦስት ለኩ። ሬጉሌተሩን ጭነት አሸክማችሁ ቮልቴጁን እዩ። የሪሌዋን ኮይል ለኩ፤ ባለ 5 ቮልቷ ትንሽ ሪሌ 70 ኦም አካባቢ ታነብባለች። ጀርባው የተፋቀና እንደገና የተጻፈበት ቺፕ በአሴቶን ሲታሽ ጽሑፉ ይለቃል፤ እንደዚያ ከሆነ መልሱት።

ደረጃ 4፦ አንዱን በቬሮ ቦርድ ሠርታችሁ ሞክሩት

ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እውነተኛው ፓምፕና እውነተኛው ሮቶ ላይ። መብራት ይሂድ ይምጣ፣ ቮልቴጁ ይውረድ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ተዉት። ቬሮ ላይ ሽቦ ማዛወር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የታተመ ቦርድ ላይ ያው ስህተት ሠላሳ ጊዜ ይባዛል።

ቤት ውስጥ በፌሪክ ክሎራይድ ቦርድ ማውጣት ይቻላል ወይ የምትሉኝ፣ ለናሙና አዎ፣ ለሠላሳ አይ። ቀዳዳው ውስጥ መዳብ የለውም፣ መከላከያ ቀለም የለውም፣ ሠላሳውን መብሳት ራሱ ቅጣት ነው። ከሠራችሁም ያገለገለውን ፈሳሽ ደቻቱ ወንዝም ሆነ ቦይ ውስጥ እንዳትደፉ። መዳብ አለበት፤ ለእንስሳም ለውኃም መርዝ ነው። በፕላስቲክ ጀሪካን አስቀምጡት፣ ብረት ዕቃ ይበላል።

ደረጃ 5፦ አሁን ሣሉ

ንድፉ ላይ የሚከተሉትን ጠብቁ።

ሀ) የ220 ቮልቱ ወገንና የ5 ቮልቱ ወገን መካከል ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፤ ቦታ ካለ 8 አድርጉት። በሪሌዋ ሥር ቦርዱ ላይ ስንጥቅ ማስቆረጥም ይቻላል። የድሬ አቧራ ቦርድ ላይ ሲጠራቀምና ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በጠባብ ክፍተት ላይ ይህ ሰው ይገድላል።

ለ) የመስመር ውፍረት። በተለመደው 35 ማይክሮን መዳብ ለ1 አምፔር 0.3 ሚሊሜትር ይበቃል ቢባልም እዚህ 0.5 አድርጉ። ለምልክት ብቻ የሆነው 0.25 ይበቃዋል። ሰፊ ቦታ እያለ ቀጭን መስመር መሣል ምንም አያተርፍም።

ሐ) በእጅ የሚበየድ ከሆነ 0805 መጠን ምረጡ፤ 2 በ1.25 ሚሊሜትር ነው፣ በወረንጦ ይያዛል። 0603 ይቻላል፣ ግን ለሠላሳ ቦርድ ዓይን ይጨርሳል። ፋብሪካ የሚበይደው ከሆነ መጠኑ አያሳስባችሁም።

መ) በነጩ ጽሑፍ የዕቃውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ዋጋውንም (ኦሙን ወይም ማይክሮፋራዱን) ጻፉ። ፕላስና ማይነሱን፣ የዳዮዱን አቅጣጫ፣ የሞርሴቶውን ስም («ፋዝ»፣ «ኒውትራል»፣ «ተንሳፋፊ») በግልጽ አስፍሩ። የሚበይደውም የሚገጥመውም ሰው ለእናንተ አይደውልም።

ሠ) የመሞከሪያ ነጥብ አስቀምጡ፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድ፣ የሪሌ ትእዛዝ። በመልቲሜትር ጫፍ የሚነካ ክብ መዳብ ይበቃል።

ረ) ቦርዱን ስካቶላው ውስጥ ለክታችሁ ሣሉ። ቀድማችሁ ስካቶላውን ግዙ። ቦርድ ማጥበብ ይቻላል፣ ሳጥን ማስፋት ግን አይቻልም።

ሲያልቅ ንድፉን በ100 ፐርሰንት መጠን ወረቀት ላይ አትሙና ዕቃዎቹን በትክክል ወረቀቱ ላይ አስቀምጡ፤ እግር ያላቸውን ወጋ ወጋ አድርጋችሁ አስገቡ። ማተሚያው ገጹን እንዳያሳንሰው አንድ 50 ሚሊሜትር መስመር ሣሉና በማስመሪያ አረጋግጡ። ይህች ግማሽ ሰዓት የማትወስድ ሥራ ናት። ሪሌና ሞርሴቶ በስም አንድ ሆነው በእግር አቀማመጥ የሚለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ የሚታወቀው እዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ማን ይበይደው?

ሦስት መንገድ አለ። መጀመሪያ ቁጥሩን አስሉ። ቦርዳችሁ 60 የብየዳ ነጥብ ካለው፣ ሠላሳው 1800 ነጥብ ነው። አንዱ 10 ሰከንድ ቢወስድ ብየዳው ብቻ 5 ሰዓት። ማስቀመጥ፣ ማጣራትና ማጽዳት ሲጨመር ሁለት ሦስት ቀን ይሆናል።

ራሳችሁ፦ ሁሉም ዕቃ እግር ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። ወጪው የእናንተ ጊዜ ብቻ ነው።

የሞባይል ጥገና ባለሙያ ቀጥራችሁ፦ ድሬ ላይ ማይክሮስኮፕና ሆት ኤር ያላቸው፣ እጃቸው የሰላ ልጆች አሉ። በቀን ሳይሆን በቦርድ ተዋዋሉ። አንድ የተጠናቀቀ ናሙና፣ አንድ የታተመ ሥዕልና ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ከረጢት ስጧቸው። የማይሠራ ቦርድ ከወጣ ማን እንደሚያስተካክል ቀድሞ ይነገር። መጀመሪያ ሦስት ብቻ አሠሩ፣ ፈትሹ፣ ከዚያ ቀሪውን።

ፋብሪካው ትንንሹን፣ እናንተ ትልልቁን፦ እኔ ለሠላሳ የምመርጠው ይህንን ነው። እንደ ጄኤልሲፒሲቢ ያሉ የቻይና ፋብሪካዎች ቦርዱን አትመው ሬዚስተሩን፣ ካፓሲተሩን፣ ቺፑን በማሽን በይደው ይልካሉ። ሪሌ፣ ሞርሴቶና ፓወር ሞጁል እዚህ ይገባሉ። ትልቁ ጥቅም ብየዳው አይደለም፤ ትንንሹን ዕቃ ለየብቻ መግዛት፣ ማስጫንና መቁጠር መቅረቱ ነው።

ወጪው እንዴት እንደሚከፋፈል ግን ይግባችሁ። ፋብሪካው ማሽኑን ለማዘጋጀት የተወሰነ ክፍያ አለው። ዘወትር ማሽኑ ላይ የተጫኑ ዕቃዎች ተጨማሪ አይጠይቁም፤ ከመጋዘን የሚወጡት ግን በዓይነት ይከፈልባቸዋል። ማዘጋጃው 10 ዶላር፣ ልዩው ዕቃ በዓይነት 3 ዶላር ነው እንበል። አራት ልዩ ዓይነት ካላችሁ 22 ዶላር። አምስት ቦርድ ላይ ሲካፈል ለአንዱ 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ሠላሳ ላይ 73 ሳንቲም። ደረጃ 1 ላይ የዕቃ ዓይነት ቀንሱ ያልኩት እዚህም ይከፍላል። ስትሣሉ የፋብሪካውን የዘወትር ዕቃዎች ዝርዝር ከፍታችሁ ከዚያ ምረጡ።

ደረጃ 7፦ ትእዛዙን ላኩ

የሚላኩት ፋይሎች፦ የገርበር ፋይሎች (የቦርዱ መስመሮች ሥዕል)፣ የቀዳዳ ፋይል፣ የዕቃ ዝርዝርና ፋብሪካው የሚበይድ ከሆነ የዕቃዎች አቀማመጥ ፋይል። ኪካድ ሁሉንም ያወጣል። ቦርዱን የተለመደ አድርጉት፦ ኤፍአር4 (የተለመደው የፋይበርግላስ ቦርድ)፣ 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ባለ ሁለት ሽፋን፣ አረንጓዴ። በ100 በ100 ሚሊሜትር ውስጥ ይግባ፤ ፋብሪካዎቹ ርካሹን ዋጋ የሚሰጡት እስከዚያ መጠን ነው። ከዚያ ካለፈ ዋጋው ዘሎ ይወጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት ፋብሪካው የሚያሳያችሁን ምስል በዓይናችሁ አንድ በአንድ እዩ። የቺፑ አንደኛ እግር፣ የዳዮዱ መስመር፣ የኤልኢዲው ፕላስ። በኪካድና በፋብሪካው መካከል የዕቃ አዙሪት በ90 ወይም በ180 ዲግሪ መለያየት የተለመደ ነው። እዚያ ላይ ማዞር ነፃ ነው።

አከፋፈል፦ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከባንካችሁ ካላችሁ በእሱ። ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ከቻይና ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይክፈልላችሁ። ሁሌም ግን አካውንቱ በእናንተ ስም ይሁን፣ ፋይሉን ራሳችሁ ጫኑ፣ እሱ ክፍያውን ብቻ ይፈጽም። አለዚያ ፋብሪካው ጥያቄ ሲልክ መልሱን የማያውቅ ሰው ጋ ይደርሳል፣ ትእዛዙም ይቆማል።

ማጓጓዣው ከቦርዱ ሊበልጥ ይችላል፤ አትደንግጡ። 50 በ70 ሚሊሜትር ባዶ ቦርድ 12 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሠላሳው 360 ግራም። ዕቃ ሲበየድበትና ማሸጊያ ሲጨመር አንድ ኪሎ አይሞላም። በዚህ ክብደት ላይ ሪሌውንም ሞርሴቶውንም ብትጨምሩ የጭነት ክፍያው ብዙም አይለወጥም፤ አንዴ አዛችሁ አንዴ ተቀበሉ። ከጓንግዡ የሚመለስ ነጋዴ ካወቃችሁም ቀላል ጭነት ነው፣ ደረሰኙ ግን አብሮ ይምጣ።

ጉምሩክ፦ እውነተኛውን ዋጋ አስጽፉ፣ ደረሰኙን አትሙና ያዙ። ባዶ ቦርድ በታሪፍ ቁጥር 8534 ሥር ይገባል። ዕቃ የተበየደበት ግን እዚያ አይገባም፣ በሚሠራው ሥራ ይመደባል። ስለዚህ ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር በግልጽ አስጽፉ። ዋይፋይ ወይም ጂኤስኤም ያለው ሞጁል ካለበት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይመጣልና ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሊቲየም ባትሪ አብራችሁ አታስጭኑ፤ በአውሮፕላን ገደብ አለበት፣ ጠቅላላ ጭነቱን ያስይዝባችኋል።

የቻይና አዲስ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ፋብሪካዎች ይዘጋሉ። ከገና በፊት እዘዙ፣ ካልሆነ መጋቢትን ጠብቁ።

ትርፍ አትርሱ። ሬዚስተርና ካፓሲተር 10 ፐርሰንት፣ ቺፕ ሁለት ሦስት፣ ሪሌ ሁለት። ዕቃ ያልገባበት ባዶ ቦርድ ሁለት አስቀሩ፤ ጥፋት ስትፈልጉ መስመሩን የምትከተሉት እሱ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ብየዳ

ዕቃው ሲደርስ መጀመሪያ ቁጠሩ። ከዚያ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ በይዱ፦ ሬዚስተር፣ ዳዮድ፣ የቺፕ መቀመጫ፣ ካፓሲተር፣ ሪሌ፣ በመጨረሻ ሞርሴቶና ፓወር ሞጁል። ረጅሙን ቀድማችሁ ከበየዳችሁ ቦርዱ ሲገለበጥ አጭሩ ዕቃ ይወድቃል። አንድ ቦርድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትጨርሱ። አንድ ዓይነት ዕቃ በሠላሳውም ላይ አስገቡ፣ ከዚያ ቀጣዩን። እጅ ይለምዳል፣ ስህተትም ወዲያው ይታያል፤ ሃያ ዘጠኙ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ከሆነ ዓይን ይይዘዋል።

እርሳስ ያለበት የብየዳ ሽቦ (63/37) በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ካውያውን ከ320 እስከ 350 አድርጉ። ከዚያ በላይ ማሞቅ ሥራውን አያፋጥንም፣ መዳቡን ከቦርዱ ያላቅቀዋል።

በስቴንስልና በፓስታ ለምትሠሩ፣ የድሬ ጣጣ እዚህ ነው። ፓስታ ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ሳትከፍቱ አውጥታችሁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ፤ ቀዝቃዛውን ከከፈታችሁት ጤዛ ይይዝና ሲሞቅ ይረጫል። የከሰዓት ሙቀት ላይ ፓስታው ይደርቃል፣ ጠርዙም ይፈስሳል። ስለዚህ ንጋት ላይ ቀቡ፣ አምስት ስድስት ቦርድ ቀብታችሁ ወዲያው አብስሉ። ቬንትሌተር በቀጥታ አትልቀቁበት፤ ፓስታውን ያደርቃል፣ አቧራም ይጭንበታል። ሐረር ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

እርሳስ ያለበት ፓስታ ሲበስል ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ከፍተኛው ከ210 እስከ 225 ዲግሪ ይድረስ፣ ፓስታው ከቀለጠ በኋላ አንድ ደቂቃ ገደማ ይቆይ፣ ከዚያ ሳይነካ ይቀዝቅዝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም የተገለበጠ የልብስ ካውያ የሚጠቀሙ አሉ። ይሠራል። ግን ያ ምድጃ ከዚያ በኋላ ለምግብ፣ ያ ካውያም ለልብስ አይመለስም።

ደረጃ 9፦ ፈተና

መብራት ሳትሰጡ በፕላስና በማይነስ መካከል ኦም ለኩ። ከጥሩው ቦርድ ጋር አወዳድሩ፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ አጭር ዙር አለ። ቀጥሎ 5 ቮልት ብቻ፣ አምፔሩን ወደ 150 ሚሊአምፔር ገድባችሁ። ሪሌዋ ብቻዋን 70 ሚሊአምፔር ገደማ ትወስዳለች፤ ገደቡ ላይ ከደረሰ ዝጉና ጥፋቱን ፈልጉ። ፕሮግራሙን ጫኑ፣ ተንሳፋፊውን በእጅ አንሡ ጣሉ።

220 የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች የ60 ዋት አምፖሉን በተከታታይ አስገብታችሁ አብሩ። አጭር ዙር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ቦርዱ ግን ይተርፋል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

ከዚያ እያንዳንዱ ቦርድ ላይ ተራ ቁጥር ለጥፉና ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ቁጥር 17 ከሦስት ወር በኋላ ተበላሽቶ ሲመጣ የትኛው ካፓሲተር እንደገባበት ታውቃላችሁ።

ደረጃ 10፦ ማጽዳትና ማሸግ

ፍላክሱን በአልኮል ጥረጉ፤ የቀረ ፍላክስ አቧራ ይስባል። ሲደርቅ ጥርት ያለ የአክሪሊክ ስፕሬይ ቀቡ። ሞርሴቶ፣ ማገናኛና ያልታሸገ ሪሌ በፕላስተር ሸፍናችሁ ነው። ስካቶላውን ሽቦው ከታች እንዲገባ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ከላይ ከገባ ዝናብ ሽቦውን ይከተላል። ጥላ ላይ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ

- 220 ላይ ስትሠሩ ማብሪያውን ብቻ አትመኑ፤ ሶኬቱን ንቀሉ። ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ይይዛል።
- ጫት እየቃማችሁ አትበይዱ። እርሳሱ ከጣታችሁ ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ አፋችሁ ይሄዳል። ምግብም እንዲሁ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
- መስኮት ከፍታችሁ በይዱ። ጭሱ በዋናነት የፍላክስ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል።
- አልኮልና ስፕሬይ ካውያው ሲቀዘቅዝ ብቻ።
- የፓምፑ መስመር ፊዩዝና ግራውንድ ሳይኖረው ቦርዱን ለማንም አትግጠሙ።

ደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች

ፓምፑ ሲጠፋ ቦርዱ ራሱን ያስነሳል። የኮንታክተሩ ኮይል ሲለቀቅ የሚረጨው ቮልቴጅ ነው። በኮይሉ ሁለት ጫፍ ላይ 100 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ለ220 የተሠራ፣ «ኤክስ2» የተጻፈበት ካፓሲተር በተከታታይ አድርጋችሁ እሠሩ። ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ሊፈነዳ ይችላል።

ሪሌዋ ትንኳኳለች፣ አትይዝም። ከማይክሮ ኮንትሮለሩ እግር በቀጥታ ተቀጥላ ይሆናል። ትራንዚስተር በመካከል፣ ዳዮድ ደግሞ በኮይሉ ላይ በግልባጭ ያስፈልጋል።

ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ቀን ላይ ጣሪያው ላይ ይቆማል። ሬጉሌተሩን በጣት ሳይሆን በቴርሞሜትር ለኩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ወደ ጥላ አዛውሩትና ደግማችሁ እዩ።

ሠላሳ ታዝዞ ሃያ ስምንት ይሠራል። ይህ ስህተት አይደለም፣ የተለመደ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ሠላሳ ቃል ከገባችሁ ሠላሳ ሦስት እዘዙ። የከሸፉትን ሁለት ሦስት ቦርድ በዚያው ቀን ለመጠገን አትታገሉ፤ የሚሠሩትን አድርሱና ተመለሱባቸው።